ጫት የቃመ በሰባተኛው ቀን ያብዳል

ልጅ ማስፈራራት የማይወድ አዋቂ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። «አያ ጅቦ መጣ» እየተባልን አይደል ያደግነው? ጣጣው የሚመጣው ልጁ ጅቡ እንደሌለ ያወቀ ቀን ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። አዋሳ፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነን። ማትሪክ ደርሷል። ያኔ ማትሪክ የወደቀ ጎረምሳ ወዴት እንደሚላክ ታውቃላችሁ፤ ጠመንጃ ይጠብቀዋል። ስለዚህ እኔና ጓደኛዬ ታምራት መተኛት እርም አልን። የታምራት አባት እዚያው አዋሳ ፒያሳ ጨርቅ የሚነግዱ ጸሎተኛ ሰው ናቸው። እቤታቸው እንኳን ጫት፣ የሲጋራ ስም አይነሳም። እኛ ግን አንድ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ዛፍ ስር ተቀምጠን ቃምን። የሂሳብ ጥናቱን እንደ ውሃ ጠጣነው። ቢያንስ የጠጣነው መሰለን።

ሰኞ ጠዋት ከቀበሌ የመጡ አንድ ጓድ ሰልፉ ፊት ቆሙ። ጫት አንዴ የቀመሰ በሰባተኛው ቀን ልብሱን ጥሎ ያብዳል አሉ። እንቅልፍ የሚያባርር ክኒን የዋጠማ በዚያው ቀን ያብዳል አሉ። ታምራት በጣቱ ሲቆጥር አየሁት። ቅዳሜ ሲደርስ ሁለት ሱሪ ደርቦ መጣ። ለምን ስለው፣ አንዱን ብጥል አንዱ ይተርፈኛል አለኝ።

አላበድንም። ክፋቱም ይኸው ነው። ታምራት፣ ጓዱ በጫቱ ከዋሹ በክኒኑም ዋሽተዋል ብሎ ደመደመ። ክኒኑን ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ በጫት ላይ ይደርበው ጀመር። ሦስት ቀን ዓይኑን አልከደነም። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ተዘረረ።

በጋሪ ጭነን ወደ ክሊኒክ በረርን። ደረቱን ይዤዋለሁ። ልቡ የፈረሱን ኮቴ ይቀድማል። የክሊኒኩ ጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ ጋሽ ሹክሬ ምን እንደነካው ጠየቁኝ። ቁርስ ስላልበላ ነው አልኳቸው። እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ አባቱን አልጠራም፤ ለቀበሌም አልናገርም። የዋጠውን ካላወቅኩ ግን በግምት ነው የማክመው። በግምት ልሞክርበት?»

ዘረገፍኩት። ከዚያ በኋላ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከሰዓት ልቡ ረጋ፤ ውሃ ጠየቀ።

በሳምንቱ ጋሽ ሹክሬ ራሳቸው ፈቅደው ትምህርት ቤት መጡ። አዳራሹ ጢም ብሏል። መጀመሪያ የተናገሩት ነገር፣ «ቅጠሉ ሲጀምር ደስ ይላል» የሚል ነበር። አስተማሪዎቹ ተያዩ። ደስ ባይልማ ማን ያላምጠው ነበር አሉ። ከዚያ ቀጠሉ። እንቅልፍ እንደሚነሳ፣ የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋ፣ ሲለቅ ድብርት እንደሚጥል፣ ቆይቶ ያለሱ መቀመጥ እንደሚያስቸግር። ክኒን ሲደረብበት ልብን አለቅጥ እንደሚያስሮጥ። ያጠናችሁት የመሰላችሁም በማግስቱ ይጠፋባችኋል ሲሉ አንገቴን ደፋሁ፤ የሐይቁ ዳር ሂሳብ የት እንደገባ እኔ ነኝ የማውቀው። ጓደኛችሁ ቢወድቅ ቶሎ አምጡት፣ የወሰደውንም ሳትደብቁ ንገሩን አሉ። ያን ቀን ታምራት ክኒኑን ጣለ፤ ጫቱንም ተወ። ማትሪኩንም አለፈ፤ ተኝቶ።

ጋሽ ሹክሬ ግን ለሂስና ግለሂስ ተጠሩ። ወጣቱን ለጫት ቀስቅሰሃል ተባሉ። ተነስተው፣ «ደስ ይላል ማለቴ ስህተት ነው፤ ደስ የማይለውም ሰው አለ» ብለው ግለሂሳቸውን አወረዱ።

እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይሏል ይህ ነው። እኔም ልጅ ስወልድ አንዳች ነገር አልደብቅም ብዬ ማልኩ። ይህንኑ ታሪክ ሰሞኑን ለአስራ ስድስት ዓመቷ ልጄ አወራሁላት፤ ሐይቁ ዳር የቃመውን ግን ታምራት ብቻ አደረግኩት። አዳምጣ ስትጨርስ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «አባዬ፣ አንተስ ቅመህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«እኔ? ሽታውንም አላውቀው» አልኳት።