የግራዝማች ፈንታው አጀብና የልጆቻችን ቋንጃ

የሰው እግር ለምን እንደ ተፈጠረ ሊቃውንት ሲከራከሩ ኖረዋል። መካነ ሰላም ግን በጃንሆይ ዘመን ቁርጡን አወቀች፤ የተፈጠረው ትልቅ ሰው ለማጀብ ነው። ይህ ጥበብ የተገለጠላቸው የከተማችን የእግር ኳስ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ግራዝማች ፈንታው ናቸው። ግራዝማች በዕድሜያቸው ኳስ ነክተው አያውቁም፤ ስለዚህ አድልዎ የለባቸውም ተብለው በሙሉ ድምፅ ተመረጡ።

ያን ዓመት ከአጅባር ቡድን ጋር ልንጋጠም ነበር። ከደሴ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጥተው ጨዋታውን ያያሉ፤ ደስ ያሰኟቸውን ልጆች ለጠቅላይ ግዛቱ ቡድን ይወስዳሉ ተባለ። ደሴ የሄደ ማደሪያም፣ ትምህርትም፣ ኋላም ሥራ ያገኛል። ይህን ከሁሉ አጥብቆ የፈለገው አጥቂያችን ሱሌማን ነው። አባቱ ሞተው፣ እናቱ እመት ዘይነባ ገበያ ላይ በርበሬ እየቸረቸሩ ነው ያሳደጉት። ኳስ ይዞ ከሮጠ የሚደርስበት አልነበረም።

ግራዝማች የልምምዱን ሥርዓት ደነገጉ። ቡድኑ በየማለዳው በቅሏቸውን ከግራና ከቀኝ አጅቦ እየሮጠ ወደ እርሻቸው ይወርዳል፤ አዝመራቸውን ካዩ በኋላም ዳገቱን እየሮጠ ይመልሳቸዋል። ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ካለ ለቅሶ፣ ሠርግ ካለ ሠርግ ያደርሳቸዋል። ምቀኞች "ለራሱ ክብር ነው" ብለው አሟቸው። ምላሳቸው ይቆረጥ! ሰውዬው በቅሎ ላይ የሚንገላቱት ለአገር ስፖርት ብለው ነው።

ነገሩ ያልገባው የስፖርት አስተማሪው ብዙነህ ብቻ ነበር።

"ክቡር ግራዝማች፣ የልጆቹ ቋንጃ ዝሏል። ጡንቻ ካላረፈ ይሸመቀቃል፤ ከባሰም ይበጠሳል። እባክዎ፣ ከጨዋታው በፊት ጥቂት ቀን ይረፉ።"

"በቅሎዬ አርፋ ታውቃለች?"

"በቅሎዎማ ትናንት ስትግጥ ነው የዋለችው።"

"እሷማ ደክሟት ነዋ!" አሉ ግራዝማች ተቆጥተው።

ኮሚቴውም በአስቸኳይ ተሰብስቦ በቡድናችን ውስጥ ድካም የሚባል ነገር እንደሌለ ወሰነ። ውሳኔው ለተጫዋቾቹ ቋንጃ በንባብ ተሰማ።

ሱሌማን ግን የጭኑ ኋላ እየጠዘጠዘ እንቅልፍ ስለ ነሣው፣ የብዙነህን ምክር ሰምቶ ከአጀቡ ቀረ። እናቱ "ወላሂ ታሟል" ብለው ደበቁት። ኮሚቴው ሰነፍ ብሎ ሰደበው፤ ግብ የሚያገባ ሌላ ስለሌለ ግን ሊያባርረው አልደፈረም።

የጨዋታው ዕለት የአጅባር ልጆች ዛፍ ጥላ ሥር ተጋድመው አረፈዱ። ስንት ሥርዓት የሌለው ሰው አለ እናንተ! የእኛዎቹ ከሱሌማን በቀር ገና ጎሕ ሲቀድ የደሴውን እንግዳ ሊቀበሉ ወጡ፤ ጭቃ የያዘውን መኪናቸውን ገፍተው አወጡ፤ ፊትና ኋላ እየሮጡ ሜዳ ድረስ አጀቧቸው። ከዚያ ግራዝማች ስለ ስፖርት ጥቅም ተናግረው እስኪጨርሱ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ንግግሩ ረዘም ያለ ነበር።

ጨዋታው እንደ ተጀመረ በረኛችን "ወይኔ ቋንጃዬን!" ብሎ ተዘረረ። ተከላካዩ ሊያነሣው ጎንበስ ሲል እዚያው ቀረ። የቀሩትም አንዱ በጉልበቱ፣ አንዱ በግንባሩ እየወደቁ አለቁ። አጅባሮች ባዶ ጎል ላይ ያገቡብን ጀመር። ሱሌማን ብቻውን ቆሞ ቀረ፤ ኳሷንም ነጥቆ ሁሉንም አልፎ አገባ። እመት ዘይነባ "ያ ረቢ፣ የኔ ልጅ!" እያሉ እልልታውን አቀለጡት።

እንግዳው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"ምንድን ነው ይሄ? ለምን ተደፉ?"

ግራዝማችን ላብ አጠመቃቸው፤ ግን ለመልስ አይቸገሩም።

"እጅ እየነሡ ነው ክቡርነትዎ። እርስዎን ሲያዩ ጊዜ መቆም አቃታቸው።"

"እስካሁን?"

"ፍቅሩ ጽኑ ነው።"

የእንግዳው ዓይን እንባ አቀረረ። "እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ ደሴም የለ! የተደፉት ሁሉ ተመርጠዋል።" ወዲያው ሱሌማንን አዩት። "ያ የተገተረውስ?"

"እሱ ባለጌ ነው" አሉ ግራዝማች።

ብዙነህ አላስችለው ብሎ ጣልቃ ገባ። "ኧረ ክቡርነትዎ፣ ግቡን ያገባው እኮ እሱ ነው!"

"አይቼዋለሁ፤ ፊቴ ሲዘል።"

ተመራጮቹ ተነሥተው መኪና ላይ እንዲወጡ ታዘዘ። የሚነሣ ጠፋ። ግራዝማች ሜዳውን ቢቃኙ ደኅና እግር ያለው አንድ ልጅ ብቻ አገኙ።

"አንተ! ምን ይገትርሃል? ቃሬዛ ያዝ እንጂ!"

ሱሌማን ከብዙነህ ጋር በረኛውን ተሸከመ። እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያያሉ። በረኛው ቃሬዛው ላይ ሆኖ አለቀሰ።

"ሱሌማን፣ ደሴ መሄድ የነበረብህ አንተ ነበርክ።"

ግራዝማች ከኋላ ሰሙት።

"በየትኛው እግሩ?" አሉ፤ "በቅሎ አጅቦ አላሠለጠነው!"