ቡራዩን መቀላቀል አልተቻለም

የኮምፒውተር ሰዎች የቃል ሌቦች ናቸው። ይህን የምለው ዕድሜዬን ከእነሱ ጋር ስለጨረስኩ ነው፤ ባላውቃቸው ኖሮ በጨዋ ደንብ «ተበዳሪዎች» እላቸው ነበር። የገበሬውን ዛፍ ወሰዱ፤ ሥሩንም ቅርንጫፉንም አልተዉለትም። ደመናውን ከሰማይ አወረዱት። አይጡን እንኳ ከጎተራው አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። የወሰዱትን ቃል ደግሞ አንድ ቀን ይዘው ወደ መንደሩ ይመለሳሉ፤ ያኔ ባለቤቱ የኔ ነው ብሎ ይነሳል። ምን ያድርግ? እሱ የሚያውቀው ምንጭ ውሃ የሚወጣበትን ነው።

እኔ ለሥራው እንግዳ አይደለሁም። ኮምፒውተር የአንድ ቤተሰብ ሳሎን በሚያህልበት ዘመን ስዊድን አገር ጀምሬው፣ ኪስ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ስጽፍለት ኖሬያለሁ። ጡረታ ስወጣ የአበባ ማስቀመጫ ሸለሙኝ። አበባ አልነበረበትም። እዚያ አገር ባለሙያዎች ሲሰባሰቡ ስማቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ቆመው ነው የሚያወሩት፤ አንዱ የሌላውን ስም አንብቦ ሲጨርስ ወሬውም ያልቃል። ስለዚህ «የባለሙያዎች ስብሰባ» ሲባል የሚናፍቀኝ ያ አይደለም። የሚናፍቀኝ ቡራዩ ላይ፣ በእድር አዳራሽ፣ በለቅሶ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጥኩበት አንድ ቅዳሜ ነው።

ያን ዓመት ወንድሜን ልጠይቅ መጥቼ ቡራዩ ከርሜ ነበር። ተወልደን ያደግነው ገፈርሳ ግድብ አጠገብ ነው። ውሃው አዲስ አበባ ይወርዳል፤ እናታችን ግን ግድቡን በቀኝ እያየች፣ እንስራዋን አዝላ ሌላ መንደር ውሃ ፍለጋ ትሄድ ነበር። ስለዚህ እኔ መጻሕፍት ከማገላበጤ በፊት ስለ ዋና ከተማ የማውቀው ነገር ነበረኝ፤ እንደሚጠጣ አውቅ ነበር።

በዚያ ሰሞን ሕፃን ሽማግሌው የሚያነሳው አንድ ቃል ነው፤ ማስተር ፕላን። አዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች፣ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም፣ በአንድ ዕቅድ ሊቀናጁ ነው ተባለ። ገበሬው «ሊቀናጁ» የሚለውን «ሊቀላቀሉ» ብሎ ሰማው፤ «ሊቀላቀሉ» የሚለውን ደግሞ «መሬትህ ሊሄድ ነው» ብሎ። ያላማከሩት ሰው ሌላ እንዴት ይስማ? ተማሪው ወጣ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ተኩስ ተሰማ። ሽማግሌ ሲሞት ይተከል የነበረው የእድር ድንኳን ለልጆች ይተከል ጀመር። እሱን በወግ አላወራውም።

የወንድሜ ልጅ ሌሊሴ ታዲያ በዚህ መሐል ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶችን ሰብስባ በየወሩ ታገናኝ ነበር። አንዱን ወር ሰበታ፣ አንዱን ወር ሱሉልታ፣ አንዱን ወር ቡራዩ። ቦታው የሚዘዋወረው ለእኩልነት ብለው አይደለም፤ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ ታይቶ ነው። ልጆቹ የጻፉትን ደብቀው አይሸጡም፤ ማንም እንዲያየው፣ እንዲያርመው፣ እንዲወስደው ይተዉታል። በዓለም ላይ «ኦፕን ሶርስ» የሚሉት ይህንን ነው። ሌሊሴ «ክፍት ምንጭ» ብላ ተረጎመችው። በአፋን ኦሮሞ «ቡርቃ» ብትለውም ያው ምንጭ ነው፤ ማምለጫ የለም።

ስብሰባ ፈቃድ ይፈልጋል። የከተማው አስተዳደር በስንት ደጅ ጥናት ፈቀደ፤ ግን ስለ ማስተር ፕላን አንዲት ቃል ከተነሳች ስብሰባው ይበተናል፣ ሁለተኛም አይፈቀድም፣ ፈቃዱን የወሰደው ሰውም ይጠየቃል። ፈቃዱን የወሰደችው ሌሊሴ ናት። ያኔ «ይጠየቃል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከጎረቤታችን «ለአንድ ጥያቄ» ተብሎ የሄደ ልጅ እስካሁን መልሱን አልጨረሰም። ወንድሜ ቃል አላበዛም። «አብረሻት ግቢ፤ ሽበት ሲያዩ ያፍሩ ይሆናል» አለኝ። ሽበቴን ይዤ ገባሁ።

አዳራሹ የእድሩ ነው። ግድግዳው ሥር ትልልቅ ድስቶች ተደፍተዋል፤ ጥግ ላይ ድንኳኑ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ወጣቶቹ ላፕቶፓቸውን ከፍተው አንገታቸውን ደፍተው ሲቀመጡ፣ በደጅ የሚያልፍ ሰው ማን ሞተ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ከኋላ አስተዳደሩ የላከው ታዛቢ ተቀምጧል፤ ኮቱ ከትከሻው የሚሰፋ፣ ረጋ ያለ ልጅ። ሌሊሴ «አቶ ታዛቢ» አለችው፤ ስሙን ስላልነገራት።

ልንጀምር ስንል በሩ ተከፍቶ ኦቦ ዳባ ገቡ። ኦቦ ዳባ የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ሌሎች ሽማግሌዎች ከነበትራቸው ይከተሏቸዋል። የፊተኛውን ወንበር ያዙ። ሌሊሴ ሮጣ ሄዳ «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ? በሰላም ነው?» አለች። በሰላም ነው አሉ፤ ባህር ዛፉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት የልጅ ልጃቸው አንብቦላቸው ነው የመጡት። «ስለ ክፍት ምንጭ ውይይት፣ ሁሉም ተጋብዟል» ይላል። ከእርሻቸው ሥር የሚፈልቀው ምንጭ ከአባታቸው ጀምሮ ክፍት ነው፤ ከብት ይጠጣበታል፣ ሠፈርተኛው ይቀዳበታል። አሁን ማን ሊወያይበት ነው? ሌሊሴ ይሄ የኮምፒውተር ነው ብትላቸው «ይሁን፤ ምንጩ ግን የኔ ነው» ብለው በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። አዳራሹ የእድሩ ነው፤ የእድሩን ዳኛ ማን ያስወጣል?

መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ስለ ድሮ ኮምፒውተር አወራሁ፤ ፕሮግራም በካርቶን ላይ እየተበሳ ይጻፍ እንደነበር። ወጣቶቹ በአክብሮት አዛጉ። ኦቦ ዳባ ብቻ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ «አንቺ የበዳዳ ልጅ አይደለሽም? ይሄን ሁሉ ዘመን ካርቶን ስትበሺ ነው የጠፋሽብን?» አሉኝ። የሥራ ዘመኔን እንዲህ አሳጥሮ የጻፈልኝ ሰው የለም።

ቀጥሎ ተስፋሁን ተነሳ። ተስፋሁን ዓይነ ስውር ነው፤ ወላጆቹ ለፋብሪካ ሥራ ከደቡብ መጥተው ሰበታ የቀሩ፣ እሱም እዚያው የተማረ። እሱና ጓደኞቹ የሚሠሩት ኮምፒውተርም ስልክም አማርኛና አፋን ኦሮሞ ጮክ ብሎ እንዲያነብ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ድምፁ የራሱ የተስፋሁን ነው፤ ወራት ሙሉ ሲያነብ ቀድተውታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ያለሱ የሆነው ነገር አይገባችሁም። ብዙ ሰው አንድ ፕሮግራም ሲጽፍ የጋራው ቅጂ አንድ ቦታ ይቀመጣል። ሌላው በየፊናው የሚሠራበት ቅጂ «ቅርንጫፍ» ይባላል፤ ሲያልቅ ከጋራው ጋር ይቀላቀላል። ሁለት ሰው አንዱን መስመር በየራሱ መንገድ ጽፎት ከተገኘ ኮምፒውተሩ እምቢ ይላል፤ ይህ «ግጭት» ነው። ሌሊሴ ቡድኑን በሦስቱ ከተሞች ከፍላ ስለነበር ቅርንጫፎቹንም በከተሞቹ ስም ጠርታቸዋለች። የጋራው ቅጂ ስም ደግሞ በዚያን ጊዜ፣ በመላው ዓለም፣ «ማስተር» ነው።

ገባችሁ አይደል? እኛ ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልገባንም ነበር። ለለመደው ጆሮ ቃል አይደለም፤ እንደ በር እጀታ ነው፤ ይዘኸው ትገባለህ እንጂ አታየውም።

ተስፋሁን ኮምፒውተሩን ከእድሩ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘው፤ ሞት ከሚነገርበት። አንዴ ነካ አደረገና በገዛ ድምፁ፣ ሠፈሩን በሚያናጋ ጩኸት፦

«ሰበታ ከማስተር ጋር ተቀላቅሏል። ግጭት የለም።»

የፊተኛው ወንበር ተንቋቋ። ሁለተኛ ነካ አደረገ።

«ሱሉልታ ከማስተር ጋር ተቀላቅሏል። ግጭት የለም።»

አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አቶ ታዛቢ ቆመ። ሌሊሴ ወደ መድረኩ ስትሮጥ ገመድ ጠለፋት።

«ቡራዩን መቀላቀል አልተቻለም። ግጭት አለ።»

ኦቦ ዳባ በዝግታ «አዎ፣ አለ» አሉ።

ደጅ ላይ ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ተስፋሁን የማንንም ፊት አያይ፤ ዝምታው የአድናቆት መሰለውና ደስ ብሎት ቀጠለ። «አይዟችሁ፣ ችግር የለም፤ እምቢ ሲል በግድ የሚያስገባ ትእዛዝ አለው» አለ።

«በግድ?» አሉ ኦቦ ዳባ።

አቶ ታዛቢ ስብሰባው ተበትኗል ሊል አፉን ሲከፍት፣ ሌሊሴ ገመዷን ሳትፈታ «ተስፋ፣ አንተ ልጅ ዝም በል» ስትል፣ እኔ ለምን እንደመጣሁ ትዝ አለኝ። ሽበቴን አሳየሁ። ተነስቼ ይሄ ማስተር መሬት የለውም፣ ካርታ የለውም፣ የሚቀላቀለውም ጽሑፍ ነው ብዬ በሁለቱም ቋንቋ ተናገርኩ። ኦቦ ዳባ አላቋረጡኝም። ስጨርስ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ጽሑፍ ከሆነ ታዲያ የተጋጨው ምን ላይ ነው?»

ደግ ጥያቄ ነው። ማናችንም አላየነውም ነበር። ሌሊሴ ጎንበስ ብላ ተመለከተችና ሳቋ መጣ፤ የመጣው ግን ከእንባ ጋር ነው። የተጋጩበት አንድ ቃል ነው፤ «ገፈርሳ»። ሰበታዎች የሚኒባስ ረዳት እንደሚጠራው አድርገው አስነብበውታል፤ ቡራዩዎች ቤታቸው እንደሚጠሩት። ኮምፒውተሩ የቱን ይዞ እንደሚያነብ አላወቀም።

«እና ማን ይወስናል?» አሉ ኦቦ ዳባ።

ሌሊሴ አዳራሹን አየች፣ ታዛቢውን አየች፣ ከዚያ «እርስዎ ይወስኑልን» አለች።

ሽማግሌው ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። መሬታቸው ሲለካ፣ ሲሸነሸን፣ በቀለም ሲሰመርበት ማንም ምን ይመስልዎታል ብሏቸው አያውቅም። አሁን በስተርጅና ስለ አንድ ቃል ተጠየቁ። ነገሩን በዋዛ አልያዙትም። ገፈርሳ ማለት ጎሽ ነው፤ ይላሉ ኦቦ ዳባ፤ ውሃው ላይ ጎሽ ይወርድ እንደነበር አባታቸው ነግረዋቸዋል፤ ስለዚህ ቃሉ ከጎሽ ማነስ የለበትም። ተስፋሁን ማይክራፎኑን አቀበላቸው። ጠሩት። አንደኛው ሽማግሌ ትንሽ ይረዝማል አሉ። ተጨቃጨቁ። እንደገና ጠሩት። በመጨረሻ የኦቦ ዳባ ድምፅ እንዳለ ተቀድቶ ገባ። ኮምፒውተሩ ዓረፍተ ነገሩን በተስፋሁን የወጣት ድምፅ ጀመረና፣ ገፈርሳ ላይ ሲደርስ ባንዴ ሰማንያ ዓመት ሞላው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ቤት ውስጥ ያን ያህል ተስቆ አያውቅም፤ ድስቶቹ እንኳ አስተጋቡ።

አቶ ታዛቢም ስቋል፤ አይቼዋለሁ። ሳቁን ሲጨርስ ግን ቀስ ብሎ ሌሊሴን ጠራና፣ ምንም ክፉ ነገር እንዳልሰማ፣ ነገር ግን «ማስተር» የሚለውን ቃል ይዞ ወደ ቢሮ መመለስ እንደማይችል ነገራት። ቃሉን ቀይሩልኝ አለ። ይህ የዓለም ሁሉ ስም ነው ብትለው «ዓለም ቡራዩ አይኖርም፤ የምኖረው እኔ ነኝ» አላት። ተስፋሁን ከመድረኩ ሆኖ ሰማ። «ዋና በሉት፣ ምን ችግር አለው» አለ። እዚያው ማስተር ተሻረ፤ ዋና ተሾመ።

ሌሊሴ ሳትጠየቅ ቤቷ ገባች። ወንድሜ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ራት በላ።

በሚቀጥለው ወር ለሱሉልታ ፈቃድ ልትጠይቅ ስትሄድ ሹሙ ከቡራዩ የደረሳቸውን የአቶ ታዛቢን ሪፖርት ነገሯት፤ ስብሰባው ስለ ክፍት ምንጭና ስለ ዋና ነው፤ ታዲያ ለምን እኛ ጋ ትመላለሻለሽ፣ ይሄ የስፖርት ቢሮ ጉዳይ ነው አሏት። አማርኛ ይህን ተንኮል ትወዳለች፤ «ና»ን ጠበቅ ካደረጓት አለቃ፣ ላላ ካደረጓት ውሃ ውስጥ መንቦራጨቅ፤ ፊደሉ ያው ነው። ሌሊሴ ሰውየውን አላረመቻቸውም። የስፖርት ቢሮው በደስታ ፈቀደ፤ ጥልቅ ውሃ እንዳይገቡም መከረ። ሱሉልታ ሯጮች በሹራብ ላይ ሹራብ ደርበው የሚሮጡበት ብርድ አገር ነው፤ እዚያ የሚዋኝ ሰው ቢገኝ በእውነትም ታዛቢ ያስፈልገዋል። አንድ ፊሽካ ያንጠለጠለ አሠልጣኝ መጥቶ ቀኑን ሙሉ የተስፋሁንን ንግግር ሰማ። ሲወጣ «ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ውሃው የታለ?» አለኝ።

ያ ሁሉ አለፈ። ፕላኑም ቀረ ተባለ። ልጆቹ በየፊናቸው ተበተኑ፤ እኔም ወደ ብርዴ ተመለስኩ። ኦቦ ዳባ ሲያርፉ ድምፅ ማጉያው የእሳቸውንም ስም ጠራ አሉኝ። በኋላ ቡራዩ ስሄድ ከእርሻቸው ሥር ያለው ምንጭ በቆርቆሮ ታጥሯል። ማን አጠረው ብል አንዱ አንዱን ያሳየኛል። በፕላን አልሄደም፤ ያለ ፕላን ሄደ። ከቆርቆሮው ወዲያ ውሃው ሲወርድ ይሰማል፤ የሚቀዳ ግን የለም።

አሁን ዓይኔ ደክሟል፤ የሚመጣልኝን ሁሉ የሚያነብልኝ ስልኬ ነው፣ በተስፋሁን ድምፅ። አንዳንዴ ሌሊሴን «ስለ ገፈርሳ ጻፊልኝ» እላታለሁ። ምንም ወሬ ባይኖር ትጽፍልኛለች፤ ስልኩ እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ ኦቦ ዳባ አንዴ ተነስተው ተናግረው ይቀመጣሉ። አንድ ጉድለት ብቻ ሳይታረም ቀርቷል፤ ስልኬ «ዋና» የሚለውን ሁልጊዜ አላልቶ ነው የሚያነበው። ዋና ጸሐፊ፣ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ዋና ከተማ፣ ሁሉንም ውሃ ውስጥ ይከታቸዋል። ለዋና ከተማስ ልክ ነው እላለሁ።

ከዚያ ቅዳሜ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ አንድ ቀን የሌሊሴ መልእክት መጥቶልኝ ነበር። የዓለም ፕሮግራም ጸሐፊዎች «ማስተር» ጌታና ባሪያን ያስታውሳል ብለው፣ ለረጅም ጊዜ ተከራክረው፣ ቃሉን ትተውታል። ምን ብለው ቢተኩት ጥሩ ነው? በየቋንቋቸው፣ ዋና። ቡራዩ ላይ አንድ ሰፊ ኮት የለበሰ ልጅ በአንድ ከሰዓት የጨረሰውን ነው። ስልኬ ጉሮሮውን ሳይጠርግ፣ እንደ ልማዱ አላልቶ አነበበልኝ፤ «አዳዳ፣ አክስቴ፣ ሰሙ ወይ? ዓለም በሙሉ ዋና ገባ።»

ገባ፤ ምንጩ ከታጠረ በኋላ።