ኮላው እስኪደርቅ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ተረቱን አልነቅፍም። ግን እናንተዬ፣ የተረተው ሰው ቆለኛ ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ጋይንት፣ በጥር ውርጭ፣ ዶሮ ያልታቀፈችውን እንቁላል ዓመት ቢታገሡት ያው እንቁላል ነው። ትዕግሥትም ሙቀት ይፈልጋል።

ኮላም እንደዚሁ ነው። ጎረቤቴ አያ ሞላ አናጢ ነው፤ እሱ የሠራው ወንበር ያልገባበት ቤት በሠፈራችን የለም፣ ከራሱ ቤት በቀር። ልጁን ትዕግሥትን ሊጠይቁ ሽማግሎች እሑድ ከስማዳ እንደሚመጡ ሲሰማ ግን አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ጀመረ። የሰው ሥራ እየቀደመበት እግሮቹን በኮላ የገጠመው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ያውም ግድግዳ በሌለው ቆርቆሮ ሥር። ኮላ ከበረደው አይይዝም፤ እንደ ኖራ ነጥቶ ይፈረፈራል። አያ ሞላ ይህን ስለሚያውቅ የኮላውን ጠርሙስ ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ሰላምታውን በአንድ እጁ እየሰጠ ዋለ። አግዳሚውን በገመድ ጠፍሮ ወደ ምድጃው ቢያስጠጋው ሚስቱ «የሚበስለው ወጡ ነው ወንበሩ?» ብላ አስወጣችው። ከጎረቤት ወንበር እንዋስ ስለው አኮረፈኝ። አናጢ ወንበር ተዋሰ ሊባል!

እሑድ ጠዋት እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ አሰጣው። ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከስማዳዋ ወገዳ በዚያ ጎርባጣ መንገድ ሲንገጫገጩ የመጡት ሽማግሎች ደረሱ። ገመዱን ፈትተን አስገባነው። አያ ሞላ መጋጠሚያውን በጣቱ ነካ አደረገ፤ ጣቱ ተጣበቀ።

«አሁን ከተቀመጡ አለቀልኝ» አለ በጆሮዬ። «የእኔም እጅ፣ የልጅቱም ነገር።»

ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት እንደማይቀመጥ ታውቃላችሁ። አያ ሞላን ያዳነው ይህ ደንብ ነው። የጠያቂው ልጅ ዘር ይቆጠርልኝ አለ፤ እስከ ሰባት ቤት፣ በአባትም በእናትም። እያንዳንዱ አያት የት እንዳረሰ፣ ማንን እንዳገባ ሁሉ ጠየቀ። ከሽማግሎቹ አንዱ «ልጁን ነው ርስቱን የሚሰጠን?» ብሎ አጉረመረመ። ሌሎቹ ግን ኮሩ፤ እንዲህ ያለ አጥንት ቆጣሪ አማት ከየት ይገኛል?

ስድስተኛው ቤት ላይ፣ እስቴ የኖረ ደጉ የሚባል ሰው ብቅ አለ። አያ ሞላም ስድስተኛ ቤቱ ላይ እስቴ የኖረ ደጉ አለው። በሰባት ቤት ውስጥ ደግሞ ዘመድ አይጋባም። ከጓዳ፣ ትዕግሥት ካለችበት፣ አንድ ዕቃ ወደቀ። ኮላው መያዝ ሲጀምር ጋብቻው ሊላቀቅ ነው።

ዋናው ሽማግሌ ቄስ አየነው እስካሁን መቋሚያቸውን ተደግፈው ክብደታቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው ሲያፈራርቁ ነበር። ጥቂት አሰቡ።

«ይኸ ሌላ ደጉ ነው» አሉ።

«በምን አወቁ፣ አባ?» አለ አያ ሞላ፣ ተስፋም ፍርሃትም ባለው ድምፅ።

«በጉልበቴ፣ ልጄ» አሉና ማንም ሳይጋብዛቸው ተቀመጡ።

አግዳሚው ሲጥ አለ። ግን አልተላቀቀም፤ ቆመ። ሽማግሌ ከተቀመጠ ደግሞ ተፈቅዷል ማለት ነውና አያ ሞላ «እንግዲህ ልጅቱ የእናንተው ናት» ከማለት በቀር ምን ምርጫ ነበረው?

ወገዳ ላይ አያ ሞላ እስከ ዛሬ በአጥንት አዋቂነቱ ይከበራል። ሁለቱን ደጉዎች ዳግመኛ የቆጠረ የለም። አግዳሚው አልፎ አልፎ ሲጥ ይላል፤ ባልና ሚስቱም እንደዚያው ናቸው አሉ። ሁለቱም በብርድ የተጣበቁ ናቸው፣ ምን ይደረግ። የወደቀ ግን የለም።