በፍስክ ትራፊ ስለሚበስለው የጾም ሽሮ የተደረገ ምክክር

ቀን፦ ቅዳሜ፣ መጋቢት 1 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ በዐቢይ ጾም
ቦታ፦ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም፣ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ምግብ ቤት፣ የጓዳው በር አጠገብ (ሊቀመንበሩ በመስኮት መታየት ስላልፈለጉ)

የተገኙ፦
አቶ ባንታየሁ፦ ሊቀመንበር፤ የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ፣ ከሩንዳ ሰፈር
አቶ ፋኑኤል፦ ባዮጋዝን ለሕዝብ ስለማስተማርና ስለማስረዳት የሚያጠኑ
ሐጂ ሱሩር፦ በኢስሊ ሰፈር ጨርቅ ነጋዴ፣ የቤቱ ሽሮ ወዳጅ
ወይዘሮ ጥሩወርቅ፦ የቤቱ ባለቤት
ከሊድ፦ ጸሐፊ፤ ከካሳራኒ ሰፈር የተነሳበት ማታቱ (ሚኒባስ) ስለዘገየ በሌለበት የተመረጠ

ያልተገኙ፦ ወይዘሪት ሉሊት፣ የቤቱ የቀድሞ ደንበኛ። «ጾመኛ ነኝ፣ እዚያ ቤት አልገባም» የሚል ኤስኤምኤስ ልከዋል።

ጸሐፊ እንደ ሰው ይቆጠራል ወይ በሚለው ላይ ክርክር ተደርጎ፣ ለዛሬ ብቻ ተቆጥሮ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ የጥናቱ ሪፖርት

አቶ ፋኑኤል ከጓዳው ጀርባ ባለው ማብላያ ጉድጓድ የምግብ ትራፊ እየገባ ጋዝ እንደሚወጣ፣ በጋዙም ወጥ እንደሚሠራ፣ ይህም «ሰርኩላር ኢኮኖሚ» እንደሚባል አብራርተዋል። ሊቀመንበሩ በአማርኛ ይባልልኝ አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ «ዞሮ ዞሮ ከምድጃ» እንዲባል ተወሰነ።

በመቀጠል አቶ ፋኑኤል በር ላይ የለጠፉት ትልቅ ሥዕል፣ አጥንት ወደ ጉድጓድ ገብቶ ከሽሮ ድስት ሥር እሳት ሆኖ ሲወጣ የሚያሳየው፣ ለተጠየቁት ደንበኞች ሁሉ ያለ ችግር እንደገባቸው በደስታ ገለጹ። አጨበጨቡም። ሌላ ያጨበጨበ የለም።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ፦ «ገብቷቸው ነው እኮ የጠፉት፣ ፋኑዬ። የክትፎ ትራፊ ከጾም ሽሮዬ ሥር ሲነድ ስለህ ለጥፈህ ማን ይምጣልኝ?»

ቤታቸውን ዓመቱን ሙሉ የሚያቆመው የሁዳዴ ገበያ መሆኑን፣ እስከ ፋሲካ እንዲህ ከቀጠለ ቁልፉን ለአከራዩ እንደሚያስረክቡ አስረድተዋል።

አጀንዳ 2፦ ጋዙ ፍስክ ነው ወይስ ጾም?

አቶ ፋኑኤል ጋዝ አየር ነው፣ ሥጋ የለበትም አሉ። ሊቀመንበሩ ሥጋው ባይኖርም ሐሳቡ አለ አሉ። ሐጂ ሱሩር በበኩላቸው ጾሙ እንደማይመለከታቸው፣ ነገር ግን አጥንቱ የክርስቲያን እርድ ስለሆነ ነገሩ እሳቸውንም እንደሚመለከት ጠቅሰው፣ ጉድጓዱ ሦስት ይሁን፤ አንዱ ለፍስክ፣ አንዱ ለጾም፣ አንዱ ለእስላም ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊው ለወላዋዮች አራተኛ እንዲጨመር ጠይቆ ዝም እንዲል ተነግሮታል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦
ሀ) ሦስት ጉድጓድ እንዲቆፈር፤
ለ) እስከዚያ ያለው ማብላያ ታሽጎ በከሰል እንዲሠራ፤
ሐ) እሳቱን የሚያሸት ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ተወሰነ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በከሰል ከሠሩ ቤቱ በጾምም በፍስክም እንደማያዋጣ ተናግረው፣ ድምፅ ሳይሰጡ ወደ ጓዳ ገብተዋል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሽሮ ቀረበ። በዚህ ክፍል ንግግር ስላልተደረገ የሚመዘገብ የለም። ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ አስጨምረዋል። ሐጂ ሱሩር ድስቱን ጠርገዋል።

ከዚያ በኋላ ጸሐፊው፣ ለመዝገቡ ብቻ ያህል፣ ሽሮው በምን እንደበሰለ ጠየቀ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ፦ «በምን ይመስልሃል? የከሰሉ ውሳኔ መቼ ተፈረመ?»

ሊቀመንበሩ መብላታቸው ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ጠየቁ። ጸሐፊው ስርዝ ድልዝ ያለበት ቃለ ጉባኤ ዋጋ እንደሌለው በታላቅ ሐዘን አሳወቀ። ሐጂ ሱሩር ጢማቸውን እየጠረጉ፣ «አቶ ባንታየሁ፣ በልተን ስናበቃ ምኑን እንፈርዳለን?» አሉ።

ስለሆነም በሙሉ ድምፅ፦
1. ከላይ ከሀ እስከ ሐ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፤
2. ተሰብሳቢዎቹ እስከ ፋሲካ ዘወትር ቅዳሜ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ መንገደኛ እያያቸው ሽሮ እንዲበሉ፤ አቶ ፋኑኤልም ይህን የጥናቱ አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ ብለው እንዲጽፉት፤
3. የወይዘሪት ሉሊት ወንበር በመስኮቱ መሀል እንዲሆን ተወሰነ።

አቶ ፋኑኤል ማብላያውን ለማብላት ትራፊ ቢፈልጉ ከአንዱም ሳህን አልተገኘም። ስለዚህ የበሩ ሥዕል ወርዶ፣ ተቀዳዶ፣ በውኃ ርሶ ወደ ጉድጓዱ ገብቷል፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሽሮ።

ስብሰባው ሰባት ሰዓት ላይ፣ ድስቱ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ተበትኗል።

ጸሐፊ፦ ከሊድ (ከዛሬ በኋላ ሰው መሆኑ ያልተወሰነ)