የአፈር ሐኪሙ ጋሽ ኢብሮ

የሰው ሐኪም የሌለበት ቀበሌ ይኖራል፤ የአፈር ሐኪም የሌለበት ግን በይፋት ቆላ ተፈልጎ አይገኝም። የሸዋ ሮቢቱ ክቡር ሊቀ አፈር ጋሽ ኢብሮ ናቸው። ሳይጠሩ ይመጣሉ። ገና ሰላምታ ሳይሰጡ አፈር ይዘግናሉ፣ ያሻሉ፣ ያሸታሉ፣ ከዚያ ይፈርዳሉ፦ «ሥር እንግዳ ነው፤ መንገዱን ጥረጉለት!»

አንዴ የተሳፈሩበት ባጃጅ ጉድጓድ ገብቶ ሲገለበጥ ሰው ሁሉ «ያ አላህ!» እያለ ሲወጣ፣ እሳቸው እዚያው ቁጢጥ ብለው አሸዋውን ይመረምሩ ነበር። ቀብር ላይ እንኳ ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር ጨብጠው፣ «ወይ ልስላሴ! ካሮት ቢዘራበት!» ያሉ ጉድ ናቸው።

ጎረቤታቸው ፈሪሃ ልታያቸው አትወድም። አምና የዘራችው ካሮት እግር አውጥቶ ገበያው ሁሉ ስቆባታል። የባሏ ወንድም አደምም፣ «ዘንድሮ ደግሞ ከተበላሸ ጓሮውን ለሽንኩርት አርሰዋለሁ» ብሎ ቆርጧል። እሷ ደግሞ የባሰች ናት። «ቀጥ ያለ ካሮት ሳላወጣ ይህን ጓሮ ለማንም አልለቅም!» አለችና ትኩስ እበት ተሸክማ መጣች።

ጋሽ ኢብሮ እጃቸውን ዘርግተው የጓሮዋ በር ላይ ቆሙ።

«ወላሂ አታልፊም! አምና ያጠፋሽ ይኼ ነው። ያልተብላላ እበት ሥሩን ይለበልበዋል።»

«አባቴ በእበት አይደል እንዴ ማሽላ የሚያበቅለው?»

«የማሽላ ጉዳዩ ከላይ ነው! የካሮት ከታች ነው፣ አንቺ ልጅ!»

አላመነችም፤ ክርክሩ ሰለቻትና ተወችው። እሳቸውም የሚጣበቀውን ዋልካ አፈር ቆፍረው አለሰለሱት፣ የወንዝ አሸዋ በአህያ አስመጡ፣ ከጓሯቸው ጥቁር ብስባሽ በማዳበሪያ ከረጢት እየተሸከሙ ቀላቀሉበት። በአረም አነቃቀሏና በውኃ አጠጣጧ ሳይቀር ተቆጧት። ፈሪሃ ጥርሷን ነክሳ ቻለች።

በመንቀያው ቀን አደም ራሱ ነቀለ። ቀጥ ያለ! ሌላ ሞከረ፤ እሱም ቀጥ ያለ። «በቃ፣ ጓሮው ያንቺ ነው» አለና ጥቂት ካሮት ይዞ ሄደ። ፈሪሃ እልል አለች፣ እቅፍ ሙሉ ይዛም ወደ ጋሽ ኢብሮ ሮጠች።

እሳቸው የራሳቸውን ካሮት እየነቀሉ ነበር። ሲያዩዋት ከኋላቸው ደበቁት፤ ቢሆንም አየችው። ጠማማ፣ ባለ ሦስት እግር። የብስባሽ ጉድጓዳቸው ባዶውን ቀርቷል።

«ጋሽ ኢብሮ! ሁሉንም ለኔ አመጡት?»

«ለማወዳደሪያ ነው!» አሉ ፊታቸውን አዙረው። «ብስባሽ ያላገኘ መደብ የግድ ያስፈልጋል። ሳይንስ ነው!»

ፈሪሃ ካሮቱን ደጃቸው ላይ አስቀምጣ አካፋቸውን ቀማቻቸው። «ዘንድሮ ይህን ጉድጓድ የምሞላው እኔ ነኝ!»

የመጀመሪያውን ገለባ ገና ስታወርድ፣ «የማሽላ አገዳው ነው ከታች! ከታች!» ብለው ጮኹባት።

«እሺ ጋሽ ኢብሮ» አለች፣ ገለባውንም መልሳ አወጣች።