ይግዛው ካሤ ስለ አሥራ ሦስተኛው ክፍል ድንጋይ የተሸከሙበት ታሪክ

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ፣ ጌታ በተወለደ በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዓመት፣ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ ደጅይጥኑ በቪዲዮ ቤቱ በነገሠ በአራተኛው፣ የወይዘሮ አምሳለ ኮምፒውተር ሰቆጣ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ጣተ ፈጣኑ፣ ዓይነ ትጉሁ፣ ከፊደል አንዲት ነቁጥ የማያስቀሩት ይግዛው ካሤ፣ በተወለዱ በሃያ አራት ዓመታቸው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ ማንም ሳይፈቅድላቸው የጃፓንን የካርቱን ፊልም ከሥዕሉ ግርጌ በአማርኛ ለመጻፍ ተነሡ። ከሦስቱ የመጨረሻው፣ ማንም ሳይፈቅድላቸው የተባለው፣ ኋላ ያመጣውን መከራ ታሪኩ በተራው ይናገራል።

የተነሡበትም ምክንያት እንዲህ ነው። ታናሽ እኅታቸው ዓይናዲስ በሰባት ዓመቷ ማጅራት ገትር ታማ ነፍሷ ተርፋ መስማቷ ቀረ። እርሷም ፊደል ቆጥራ፣ ስፌት ተምራ፣ ከጽጽቃ እስከ ደሃና ያለ ሙሽራ ልብስ የሚያሰፋባት ባለሙያ ሆነች። በደጅይጥኑ ቪዲዮ ቤት ግን ፊልም ሲታይ ደጅይጥኑ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ የባዕዱን ቋንቋ በአማርኛ እየጮኸ ይተረጉም ነበርና፣ ከሚተረጉመውም ግማሹን ከሆዱ ያወጣው ነበርና፣ ጆሮ ያለው ሁሉ ሲደሰት ዓይናዲስ ሰው ሲስቅ አይታ ትስቅ፣ ሰው ሲያዝን አይታ ታዝን፣ ምን እንዳሳቃትና ምን እንዳሳዘናት ሳታውቅ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። ይግዛው ይህን ባዩ ጊዜ ልባቸው ተነካ።

በዚያም ወራት የይግዛው ባልንጀራ ትእዛዙ፣ መቐለ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው፣ ለገና ሲመጣ አሥራ ሦስት ክፍል ያለው ፊልም በዲስክ ይዞ መጣ። ነገሩም ሚዶሪ የምትባል ጎራዴ የታጠቀች ልጅ ከመንደሯ የተሰረቀውን ደወል ፍለጋ ሰባት ተራራ ስለ መውጣቷ ነው። ንግግሩ ጃፓንኛ ነበር፤ ከግርጌው ግን በሩቅ አገር ያሉ የፊልሙ ወዳጆች፣ እነርሱም ማንም ሳይፈቅድላቸው፣ እንግሊዝኛ ጽፈውበት ነበር። በየክፍሉም መጀመሪያ፦ «ይህ በፍቅር የተሠራ ነው፤ አይሸጥም፤ ጽሑፋችንንም ማንም እንዳይሰርቀን» የሚል ቃል አኑረዋል። ይህም በሰው ማሳ ገብቶ ጎመን ተክሎ ጎመኔን አትንኩ እንደማለት ነበር።

ይግዛውም በአምሳለ ኮምፒውተር ቤት ቀን የሰው ማመልከቻ እየጻፉ፣ ሱቁ ሳይከፈት በማለዳ ደግሞ የሚዶሪን ቃል እየጻፉ፣ እያንዳንዱ ንግግር በስንተኛው ደቂቃ በስንተኛው ሰከንድ እንደሚጀምርና እንደሚያልቅ እየመዘገቡ፣ መብራት ሲጠፋ ሳያስቀምጡት የጠፋውን እንደገና እየጀመሩ፣ ፊደሉ ሁሉ ወደ ባዶ ሣጥን ሲለወጥባቸው ሣጥኑን ወደ ፊደል እየመለሱ፣ በየሳምንቱ አንድ ክፍል ያደርሱ ነበር። ትርጉማቸውም የተዋበ ነበር። ሚዶሪ ጠላቷን በእንግሊዝኛ «ተዘጋጅ» ባለችው ጊዜ ይግዛው፦ «ወንድ ከሆንህ ከእናትህ ጓዳ ውጣ» ብለው ጻፉላት፤ ቪዲዮ ቤቱም በእልልታ ተናወጠ።

ጽሑፉ በኮምፒውተር እንጂ በደጅይጥኑ ማጫወቻ አይወጣም ነበርና፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን ከአምሳለ ቤት ወደ ቪዲዮ ቤቱ የሚያደርሰው ሰልፍ ይህን ይመስል ነበር። ከፊት አምሳለ ራሷ፣ ባለ ኮምፒውተር፣ መንገድ እያስለቀቀች፤ ከእርሷ ቀጥሎ ስክሪኑን በጋቢ ጠቅልሎ የያዘ አንድ ጎልማሳ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ሣጥኑን እንደ ታመመ ሰው በቃሬዛ የተሸከሙ ሁለት፤ ኪቦርዱን በብብቱ፣ ማውሱን በኪሱ የያዘ አንድ፤ ከሁሉ ኋላ ይግዛው ዲስኩን በደረታቸው አድርገው በእርጋታ ይሄዱ ነበር። ከፃግብጂ ለገበያ የመጣ ሰው አህያውን አቁሞ ያይ ነበር። ከደሃና የወረዱት ሽማግሌ፣ ነገር አዋቂው አባ ይስማው፣ ሰልፉን አይተው እንዲህ ብለው አወጁ፦

«የዋግ ሰው ሆይ! ለጃፓን ልጅ አማርኛ ተጻፈላት፤ እሰይ። ለእኛስ የአገራችንን ቋንቋ ኽምጣኛውን ማን ይጻፍልን? አንተ ይግዛው፣ ይህን ስትጨርስ እኔ ቤት ትመጣለህ!»

ዓይናዲስም በፊት ወንበር ተቀምጣ ከሰው ሁሉ ቀድማ ትስቅ ጀመር፤ ዓይኗ ከደጅይጥኑ አፍ ይፈጥን ነበርና። ደጅይጥኑ ሥልጣኑ ስለ ተቀነሰ አዘነ፤ የመግቢያው ሰው ስለ በዛ ግን ኀዘኑን ቻለው።

አሥራ ሁለቱ ክፍል በዚህ ሁኔታ አለፈ። ሚዶሪም ከሰባተኛው ተራራ ጫፍ ደርሳ፣ ደወሉ ካለበት ቤት በር ላይ እጇን አሳርፋ ክፍሉ አለቀ። ሰቆጣ ያን ሳምንት አልተኛችም።

አሥራ ሦስተኛው ክፍል ግን መከራ ይዞ መጣ። የእንግሊዝኛው ጸሐፊዎች በመጀመሪያው ላይ አዲስ ቃል አኑረው ነበር። ይግዛውም በልጅነታቸው ከቆሎ ትምህርት ቤት ብራና ሲገለብጡ ያደጉ ነበሩና፣ በዚያም ግልባጭ የሚጽፍ ሰው ከመጽሐፉ ቃል አንዲት እንዳያጎድል ተገርፈው ተምረዋልና፣ ሌላ ተርጓሚ ቢሆን ዘልሎት የሚያልፈውን እርሳቸው በትልልቁ ፊደል እንዲህ ብለው ተረጎሙት፦

«የዚህ ሥዕል ባለቤቶች በአገራችን ሊሸጡት ተነሥተዋልና እኛ ሥራችንን አቁመናል። ይህን የምታዩ ሁሉ ከእንግዲህ አታባዙ፤ አትተርጉሙ፤ ለሕዝብ አታሳዩ። የባለቤቱን መብት የደፈረ ይጠየቅበታል።»

ቅዳሜ ቪዲዮ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ይህ ቃል በስክሪኑ ወጣ። ማንበብ የሚችለው ላልቻለው ነገረው። ከዚያም በፊተኛው ወንበር፣ ከዓይናዲስ ጎን፣ ተቀምጠው የነበሩት መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ተነሥተው መቋሚያቸውን ዘርግተው አወጁ፦

«ቁሙ! በብራና መጨረሻ 'የሰረቀ የፋቀ የተወገዘ ይሁን' ተብሎ የሚጻፈው ግዝት ይኸው ነው። እነርሱ በመጀመሪያ ጻፉት እንጂ ልዩነት የለውም። ያሰረው ራሱ ሳይፈታ ይህን ዲስክ የነካ እጁን ይይ! ይህን የምለው እኔ ፍጻሜውን ለማየት ከሁላችሁ ይልቅ የጓጓሁት ስሆን ነው!»

ሕዝቡም ተበተነ። አምሳለ በበኩሏ፦ «ነገ ፖሊስ ኮምፒውተሬን ቢወስደው የአገሩን ማመልከቻ በጣቴ ልጽፍ ነው? ከእኔ ማሽን አሁኑኑ ይጥፋ!» ብላ አወጀች፤ ጠፋም። በዓለም ላይ የቀረው የአማርኛ አሥራ ሦስተኛ ክፍል በዲስኩ ላይ ያለው ብቻ ሆነ፤ ዲስኩንም መሪጌታ በሣጥናቸው ቆለፉበት።

ደጅይጥኑ ግን ጊዜው እንደ ተመለሰለት አይቶ በደጁ ቆሞ አወጀ፦ «የተገዘተው ጽሑፉ ነው እንጂ አፌ አይደለም! በሚመጣው ቅዳሜ በእጄ ያለውን፣ ጽሑፍ የሌለበትን የአሥራ ሁለተኛውን ቅጂ እያሳየሁ ፍጻሜውን በቃሌ አወጣዋለሁ። ጆሮ ያለው ይምጣ!» ጆሮ ያለውም መጣ። ደጅይጥኑ ሚዶሪን ደወሉን አስይዞ፣ ለሀብታም ድሯት፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር አድርጎ ሾማት። ሕዝቡ ረክቶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ነገሩም ለሰቆጣ ሁሉ ተፈጸመ።

ለአንዲት ሰው ብቻ አልተፈጸመም። ዓይናዲስ የሙሽራ ልብስ ልክ ከምትጽፍበት ደብተር አንድ ገጽ ቀድዳ፣ በወንድሟ በር ላይ በመርፌ ሰካችው። የገጹም ቃል ይህ ብቻ ነበር፦ «ልጅቱ ደወሉን አገኘችው ወይስ አላገኘችውም? እንዳትነግረኝ። ማየት ነው የምፈልገው።»

ይግዛው ይህን ባነበቡ ጊዜ ከአባ ይስማው ዘንድ ሄዱ። በአገሩ ልማድ የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ከበደለው ሰው ደጅ ይወድቃል፤ ተበዳዩም ምሕረት ያደረገ እንደ ሆነ «ድንጋዩን አውርድ» ይለዋል። የዚህ ተበዳይ ደጅ ግን ቶኪዮ ነበር። ሽማግሎች ከማለዳ እስከ ቀትር መከሩ። ስለ ነፍስ ግድያ የሚሸከሙት ድንጋይ ይታወቃል፤ ከብት የሰው እህል ስለ መብላቱ የሚሸከሙትም ይታወቃል፤ ስለ ትርጉም የሚሸከሙት ግን ስንት እንደሚመዝን ከአባቶች የሰማ አልተገኘም። በመጨረሻ ስድብ ለተሳደበ ሰው የሚሆነው ይበቃል ተብሎ ተቆረጠ፤ ሽማግሎቹም ድንጋዩን በእጃቸው መዝነው አጸደቁት።

ይግዛውም ድንጋዩን በጫንቃቸው አድርገው፣ ሦስት ሽማግሎች በግራና በቀኝ ቆመው፣ ፎቶግራፍ ተነሡ። የፎቶ አንሺው ፍላሽ ሁለት ጊዜ እምቢ ስላለ ድንጋዩን ሦስት ጊዜ ተሸከሙት። ትእዛዙ ከመቐለ አድራሻውን ፈልጎ ላከ፤ የእንግሊዝኛ መምህርቷ ሰላማዊት ደብዳቤውን አቃናች። ቃሉም እንዲህ ነበር፦

«ለሥዕሉ ባለቤቶች። ሳልጠይቅ በማሳችሁ ገብቻለሁ። ሩቅ ስለ ሆናችሁ ከእግራችሁ ልወድቅ አልቻልሁም፤ ድንጋዩን ተሸክሜ የቆምሁበትን ፎቶ ልኬአለሁ። እኅቴ አትሰማም፤ በዓይኗ ታነባለች። አንድ ክፍል ብቻ ቀርቷታል። ይግዛው ካሤ፣ ሰቆጣ።»

ደብዳቤው በግንቦት ሄደ። ክረምት ገባ፤ ወጣ። ዘመነ ሉቃስ አልፎ ዘመነ ዮሐንስ ተተካ፤ ሁለት ሺህ ዓመት ሞላ ተብሎ አገሩ ሁሉ በዓል አደረገ። ይግዛው ግን በየሳምንቱ ፖስታ ቤት እየሄዱ ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር። ደጅይጥኑም ባያቸው ቁጥር፦ «ጃፓን ሆይ፣ ድንጋይ ተሸካሚሽን አስቢ!» እያለ ያውጅባቸው ነበር። ዓይናዲስ ወደ ቪዲዮ ቤት መሄድ ተወች።

በኅዳር ወር መልሱ መጣ። ሕዝቡ በደጅይጥኑ ደጅ ተሰበሰበ። ይግዛውም ቆመው እየተረጎሙ አነበቡት፦

«የተከበሩ አቶ ይግዛው። ደብዳቤዎ ደርሶናል። ድርጅታችን ያለ ውል ለሚሠራ ትርጉም ፈቃድ አይሰጥም፤ ለአንድ ብንሰጥ ለሁሉ መስጠት ይሆንብናል። ከእንግዲህ እንዳይጽፉ እንጠይቃለን። ስለ ፎቶግራፉ ግን፣ በመሥሪያ ቤታችን ያሉ ሠራተኞች ሁሉ እጅግ ተጨንቀዋል። ድርጅታችን ማንንም ሰው ድንጋይ እንዲሸከም አዝዞ አያውቅም። ደብዳቤዎ እኛ ዘንድ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ስለ ፈጀ፣ እባክዎ ድንጋዩን አሁኑኑ ያውርዱ።»

ከፊሉ «ተፈታ!» ብሎ እልል አለ፤ ከፊሉ «ተከለከለ!» ብሎ አዘነ። ደጅይጥኑ እጁን በራሱ ላይ ጭኖ፦ «አንተ ሰው! 'እንዳይጽፉ' የምትለዋን መስመር ብትዘልላት ማን ያውቅብህ ነበር?» ብሎ በአደባባይ ወቀሳቸው። ይግዛው ግን ዝለል የሚል ትምህርት አልተማሩም። ወረቀቱን ለአባ ይስማው አስረከቡ። አባ ይስማውም ማንበብ ባይችሉ ወረቀቱን ጥቂት ተመልክተው ፍርዱን አወጁ፦

«ሁለቱም ቃል የባለቤቱ ነው፤ ሁለቱም ይጸናል። ከእንግዲህ አትጻፍ ብሎሃል፤ አትጻፍ። ድንጋዩን አውርድ ብሎሃል፤ ከድንጋዩ በፊት ያለው በደል ሁሉ ቀርቶልሃል። አሥራ ሦስተኛው ክፍል መቼ ተጻፈ? ከድንጋዩ በፊት! እንግዲያስ ይቅር ከተባለልህ ውስጥ ነው። እኅትህ ትየው። አንድ ቀን ይታይ፤ በነጻ ይታይ፤ ከዚያ ዲስኩ ይሰበር። ያ ሰው፣ ማን እንደ ሆነ እንጃ እንጂ፣ ደግ ሰው ነው፤ ስድስት ወር ሙሉ ተሸክመህ የቆምህ መስሎት ተጨንቋል።»

መሪጌታ ወልደ ሐዋርያትም ሣጥናቸውን ለመክፈት እየሮጡ ሄዱ፤ ሲሮጡ የታዩት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግሥቱ ኮምፒውተሩ በሰልፉ ሥርዓት ወጣ። ደጅይጥኑ በነገሠበት ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታ ታወጀበት። ዓይናዲስ በፊት ወንበር ተቀመጠች። ሚዶሪም በሩን ከፈተች፤ ደወሉንም አገኘችው፤ ተሰንጥቆ ነበር። አንሥታ ከአንድ ዛፍ ላይ ሰቀለችው፤ ጎራዴዋን ከሥሩ ትታ ወደ መጣችበት ቁልቁለቱን ወረደች። አለቀ። ወንዶች በጋቢያቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሽማግሎች ዲስኩን ከሁለት ሰበሩት።

ዓይናዲስ ግን አላለቀሰችም። ከደብተሯ ገጽ ቀድዳ፣ ጽፋ፣ በቪዲዮ ቤቱ ግድግዳ ላይ በመርፌ ሰካች። አዋጅዋም እንዲህ ይላል፦

«እኔ ዓይናዲስ ካሤ ፍጻሜውን አየሁ። አልወደድሁትም። ሰባት ተራራ የተወጣበት ደወል ዛፍ ላይ ተሰቅሎ አይቀርም፤ ለመንደሩ ይወሰዳል፤ የተሰነጠቀም ቢሆን ይወሰዳል። እስከ ዛሬ እናንተ የወደዳችሁትን ስወድ፣ የጠላችሁትን ስጠላ ኖርሁ። ይህን ግን እኔ ራሴ ጠላሁት።»

ሰቆጣም ተናወጠች። መሪጌታ የፍጻሜውን ምሥጢር የሚያስረዳ ሁለት ገጽ ጻፉላት፤ እርሷ በአንድ መስመር አፈረሰችው። አምሳለ በመሪጌታ ወገን፣ መምህርት ሰላማዊት በዓይናዲስ ወገን ሆኑ። የሚከራከራት ሁሉ መጻፍ ነበረበትና የአምሳለ ወረቀት በሦስት ቀን አለቀ። ደጅይጥኑም ብዕር ይዞ ሲያልበው ዋለ፤ «የእኔ ሊቀ መንበር ትሻል ነበር» ብሎ ጻፈ፤ እርሷም ከሥሩ «ትሻል ነበር» ብላ ፈረመችለት።

እነሆ፣ ሳይፈቀድላቸው ገብተው ይቅርታ ጠይቀው የወጡ፣ የሚከሳቸውን ቃል በገዛ እጃቸው የተረጎሙ፣ ነጻ የሚያወጣቸውን ሲያነቡ የሚከለክላቸውን ያልደበቁ፣ የባሕር ማዶ መሥሪያ ቤትን በአንድ ድንጋይ ያስጨነቁ፣ የጸሐፍት ሁሉ መመኪያ ይግዛው ካሤ ናቸው። ድንጋያቸው በቪዲዮ ቤቱ ደጅ ተቀምጧል። እርሳቸውም ቃላቸውን ጠብቀው ከዚያ ወዲህ የማንንም ሥዕል ግርጌ አልጻፉም። ዓይናዲስ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ደብተሯን በጉልበቷ አድርጋ፣ የሚከራከራትን ትጠብቃለች፤ የተከራካሪዎቿም ሰልፍ እስከ መንገዱ ማዶ ይደርሳል።