ክቡር መርማሪና የሚቀዘቅዘው ድስት

ቤቱ ቢራ የሚጠምቅ ሰው ሁሉ ተጠራጣሪ ነው። ድስቱ እሳት ላይ እያለ ይጫወታል፣ ይስቃል፣ እንደማንኛውም ሰው ነው። እሳቱ ጠፍቶ የብቅሉ ውሃ መቀዝቀዝ ሲጀምር ግን ጥላውን አያምንም። የሚንተከተከውን ምንም አይደፍረውም፤ የቀዘቀዘውን ግን ትንፋሽም ያበላሸዋል።

የእህቴ ባል የእነዚህ ሰዎች አለቃ ናቸው። በሌሉበት «ክቡር መርማሪ» እንላቸዋለን። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሳይሉ ውለው አያድሩም። ሳምንቱን ሙሉ መጋዘን በር ላይ ቆመው የሰው ቦርሳ ሲፈትሹ ይውላሉና አይፈረድባቸውም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ድስቱ በረዶ በሞላው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ይቀመጣል። መስኮት ይዘጋል። እህቴ ካስነጠሰች «ወዴት ዞረሽ ነው?» ተብላ ቃሏን ትሰጣለች። አንድ ቀን ጎረቤታችን ጨው ልትበደር ብትመጣ፣ በሩ ላይ እጇን አስታጥበው፣ ከየት እንደመጣች ጠይቀው፣ ያለ ጨው ሸኟት። እኔማ በጺሜ ምክንያት ግድግዳ ተደግፌ እንድቆም ተፈርዶብኛል።

ነገሩ እንዲህ የከረረው ያለምክንያት አይደለም። ያለፉት ሁለት ጠመቃዎች ሆምጥጠው ተደፍተዋል፤ በሁለቱም ተጠርጣሪው እኔ ነበርኩ። እህቴም ቆርጣ ተናግራለች፦ «ሦስተኛው ከሆመጠጠ ድስቴን እወስዳለሁ። ቢራ የሚባል ነገር እዚህ ቤት አይጠመቅም።» ሰውዬው ደግሞ ከዚህ ድስት ሌላ ደስታ የላቸውም።

ያን ቅዳሜ ውሃው ቀዘቀዘ። ቴርሞሜትሩን ስላላመኑት በሌላ ቴርሞሜትር አጣሩት። ባልዲውን በመድኃኒት አጠቡ፣ ቱቦውን ቀቀሉ፣ እጃቸውን እንደ ቀዶ ሐኪም ሰቅለው አደረቁ። ከዚያ ድስቱን ወንበር ላይ አወጡና የቱቦውን አንድ ጫፍ ነከሩ። ሌላውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተው ሳቡት።

ቁርስ ላይ ጥሬ ሽንኩርት የበሉበት አፍ ነው። የብቅሉ ውሃ ከንፈራቸውን አጥቦ ወደ ባልዲው ወረደ። ዓይናቸው ግን ጺሜ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ቱቦው...» አልኩ።

«አትናገር። ስትናገር ትተነፍሳለህ።»

እርሾውን ጨመሩ፣ ባልዲውን ከደኑ፤ ከሳምንታት በኋላም ቢራው እንደለመደው ሆመጠጠ።

እህቴ ቀመሰችና ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ማነው ያበላሸው?» አለች፤ እጇ ድስቱ ላይ ነበር።

ወትሮ ቢሆን ጣታቸውን ወደ እኔ ይቀስሩ ነበር። ያን ቀን ግን ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ከድስቱ አልነቀሉም። ትልቅ ሰው እንደዚያ አንጀቴን በልቶኝ አያውቅም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ከፍቼ ቀምሼዋለሁ።»

ጥፋተኛው ስለታወቀ ድስቱ ዳነ፤ እኔ ከወጥ ቤት ተባረርኩ። በማግስቱ ትንሽ የእጅ ፓምፕ ገዝቼ ወሰድኩላቸው።

«ከእንግዲህ በአፍዎ አይሳቡት፤ በዚህ ይሳቡት» አልኳቸው።

ፓምፑን አገላበጡት። አሸተቱት። ቀስ በቀስ ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት፤ ቀና ብለውም ትኩር ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልክ? ምን ፈልገህ ነው?»

«ምንም። ስለምወድዎት ነው።»

ክቡር መርማሪ በዕድሜያቸው እንዲህ የሚያጠራጥር ነገር ሰምተው አያውቁም።